ጥያቄና መልስ፦ መንገድ ዳር የአቦ ሸማኔ ግልገል «ግዙን» ሲሉን

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በድሬዳዋና በሽንሌ መስመር የሚሠራ ሹፌር ነው። በቅርቡ መንገድ ዳር ልጆች ሁለት የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ይዘው «እናታቸው ጥላቸው ሄዳለች፤ ግዛን» አሉት። ሳይገዛ አለፈ፤ ግን «ገዝቼ ባድናቸው ኖሮ» እያለ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። ዳግም ቢያጋጥመው ምን ያድርግ? (ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አለመግዛታቸው ትክክል ነው፤ አይቆጫቸው። በአዘኔታም ቢከፈል ገንዘቡ ሌሎች ግልገሎችን ያስይዛል። በሕገ ወጥ መንገድ ከምሥራቁ አገር የሚወጡት ግልገሎች በሶማሌላንድ ባሕር ተሻግረው ወደ ዓረብ አገሮች ይሸጣሉ፤ ብዙዎቹም ሳይደርሱ በመንገድ ያልቃሉ።

«እናታቸው ጥላቸው ሄዳለች» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም። እናት አቦ ሸማኔ ያለ ወንዱ እገዛ ብቻዋን ስለምታሳድግ፣ ለአደን ስትወጣ ግልገሎቿን ሣር ውስጥ ደብቃ ብዙ ሰዓት ትቆያለች፤ ከአንድ ቀን በላይ የምትቆይበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ጫካ ውስጥ የታየ ግልገል አይነካም። ልጆች ይዘው ከተገኙ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቁት የት እና መቼ እንዳነሷቸው ነው። የተነሱት በዚያው ዕለት ከሆነ እናቲቱ እዚያው እየፈለገቻቸው ሊሆን ይችላል። ይህን መረጃ ከግልገሎቹ ብዛት ጋር ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ወይም ለወረዳው የዱር እንስሳት ባለሙያ ያድርሱ።

ባለሙያ እስኪመጣ ግልገሉ እጅዎ ላይ ከቆየ፣ የሚገድለው ብርድ፣ ድርቀትና የላም ወተት ነው። ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፈው ጨለማና ጸጥታ ባለበት ያስቀምጡት። ሙቅ ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለው በአንድ በኩል ብቻ ያድርጉለት፤ ሲሞቀው ፈቀቅ የሚልበት ቦታ ይፈልጋልና። ሰውነቱ ሳይሞቅ ምንም አይስጡት፣ የቀዘቀዘ ሆድ አይፈጭም። ከሞቀ በኋላ አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በ1 ሊትር ፈልቶ በበረደ ውኃ በጥብጠው፣ ለብ አድርገው፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጠብታ ይስጡት። በሆዱ ተኝቶ መሆን አለበት፤ በጀርባው አስተኝቶ ማጠጣት ፈሳሹን ወደ ሳንባው ይልከዋል። የላም ወተት ያስቀምጠዋል፣ ተቅማጡም ያደርቀዋል። ሥጋ የጀመረውንም አጥንት የሌለው ቀይ ሥጋ ብቻ ለሳምንታት ከመገቡት ካልሲየም አጥቶ እግሩ ይጣመማል፣ ይሰበራልም። በግቢ ታስረው የቆዩ ግልገሎች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ጉዳት ይህ ነው።

ከነከሰዎ ወይም ከቧጨረዎ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ይችላል።

የዳኑት እንደ ቦርን ፍሪ ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች ዘንድ ይደርሳሉ፤ ሆለታ አቅራቢያ ያለው የ«እንስሳ ኮቴ» ማዕከል አንዱ ነው። ነገር ግን እናት ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል የምታስተምረውን አደን ማንም ሰው አያስተምረውም፣ ስለዚህ በሰው እጅ ያደገ ግልገል ወደ ዱር መመለሱ እጅግ ከባድ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ከጅምሩ አለመነሳቱ ነው የምንለውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ የየብስ ኤሊ ይዘው መጡ። ግቢ ውስጥ ትደግ? (ከሐረር)

መልስ፦ አይሆንም፤ ያገኟት ቦታ ድረስ ይመልሷት። ስትሸከሟት ከመሬት ብዙ አታንሷት፣ አትገልብጧትም። ስትደነግጥ ለበጋ ያጠራቀመችውን ውኃ ትሸናዋለች፤ ዝናቡ ሩቅ ከሆነ በጥም ልትሞት ትችላለች።