ጡት በሲሊኮን ከተሠራ በኋላ ጨረር ስለመውሰድ

እህቴ፣ «ጡቴ በካንሰር ምክንያት ተቆርጦ ወጥቶ በሲሊኮን ተሠርቶልኛል፣ አሁን ጨረር ታዘዘልኝ፤ ሲሊኮኑን ያበላሽብኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም አልፌበታለሁና ልንገርሽ።

ጨረሩ ሲሊኮኑን አያቀልጠውም፣ አያፈነዳውም። ችግሩ ሰውነትሽ በሲሊኮኑ ዙሪያ የሚሠራው ስስ ሽፋን ነው። ጨረር ሲነካው ሊወፍርና ሊኮማተር ይችላል፤ ያኔ ጡቱ ይጠነክራል፣ ወደ ላይም ይሰቀላል። ሁሉም ላይ አይደርስም፣ ጨረር ያልወሰዱት ላይ ከሚደርሰው ግን ይበዛል። የኔ ጠንክሯል፣ በቀኝ ጎኔ ስተኛ ይታወቀኛል። ቢሆንም ካንሰሩ ንፍፊቴ ውስጥም ተገኝቶ ስለነበር ጨረሩን በመውሰዴ አንድም ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም። ቅርጹን በኋላ ሊያስተካክሉት ይችላሉ። ለሲሊኮኑ ብለሽ ጨረሩን እንዳትተዪው፣ አደራ! የተደረገልሽ ቋሚው ሲሊኮን ካልሆነና ኤክስፓንደር (ቀስ በቀስ እየተሞላ ቆዳውን የሚለጥጥ ጊዜያዊ ከረጢት) ከሆነ ግን ለጨረር ሐኪምሽ አስቀድመሽ ንገሪ፤ ጨረሩ የሚታቀደው ባለበት መጠን ስለሆነ መሀል ላይ መሙላት ማጉደል አይሆንም።

እኔን ያንገበገበኝ የክንዴ ነገር ነው። ቀዶ ሕክምና ያደረገልኝ ሆስፒታል ስለ እንቅስቃሴ አንድ ቃል ሳይነግረኝ ሸኘኝ። ለጨረሩ እቅድ ሲቲ ስካን ላይ ተኝቼ «እጅሽን ከጭንቅላትሽ በላይ» ሲሉኝ ክንዴ ከጆሮዬ አላልፍ አለ። ቀጠሮው ተራዘመ። ቤቴ ገብቼ በየማታው ግድግዳውን በጣቶቼ እየቧጠጥኩ ወደ ላይ እወጣለሁ፣ የደረስኩበትን በእርሳስ እጭራለሁ፤ በሁለት ሳምንት የመጨረሻው ጭረት ከማብሪያ ማጥፊያው በጣም በላይ ነበር።

25 ቀን ነው የወሰድኩት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አምስት ሳምንት። 15 ቀን የሚታዘዝላቸውም አሉ። ማሽኑ ሥር የምትቆዪው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ምንም አያምም። ከሜክሲኮ እስከ ጥቁር አንበሳ በእግሬ ነበር የምሄደው፣ መጨረሻ ላይ ግን ድካሙ ስለበረታ ታክሲ ያዝኩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቆዳዬ ጠቆረ፣ ብብቴ ሥር ተላጠ። ካለቀ በኋላም ሳምንት አስር ቀን ይብስበታል፣ አትደንግጪ። ጡት ማስያዣውን ትቼ ያረጀ ነጠላ አጥፌ ከሸሚዜ ሥር አደርግ ነበር፣ እፎይ ነው። ደረቴ ላይ ያሰመሩት ምልክት እንዳይለቅ ጸበሉን ጠጣሁ እንጂ አልተጠመቅኩም።

አክስቴ ፈርታ ልጄን ከአልጋዬ አውጥታው ነበር። ይሄ ከውጭ የሚሰጠው ጨረር ሰውነትሽ ውስጥ አይቀርም፣ ወደ ሰውም አይተላለፍም። ልጆችሽን እቀፊ።

የሲቲ ስካን ቀጠሮሽ መቼ ነው? ክንድሽስ እስከየት ይነሳል?