ባሕር ግድግዳ የለውም፦ ስለ ክፍት ውሃ ዋና ውድድር ለጠየቃችሁን

ከአዲስ አበባ፣ ከሜሪላንድ፣ ከዱባይና ከእስራኤል የደረሱንን ጥያቄዎች አሳጥረን አቅርበናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ መልሰናል።

ገንዳ ውስጥ ሳላርፍ 3 ኪሎ ሜትር እዋኛለሁ። የ2 ኪሎ ሜትር የባሕር ውድድር ይከብደኛል? (አዲስ አበባ)

ጉልበቱስ አለዎት። ግን በ25 ሜትር ገንዳ 3 ኪሎ ሜትር ዋኙ ማለት 119 ጊዜ ግድግዳ ገፍተው ዞረዋል ማለት ነው። በገፉ ቁጥር ጥቂት ሜትር በነጻ ይሄዳሉ፣ ክንድዎም ያርፋል። ባሕር ላይ ይህ የለም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ግድግዳውን ሳይነኩ ይለማመዱ፤ 2 ሜትር ሲቀርዎት እዚያው ውሃው ላይ ዞረው ይቀጥሉ። መጀመሪያ 400 ሜትሩም ያስመርራል።

ከጉልበት ይልቅ ብዙ ሰው የሚያስቸግረው አቅጣጫ ነው። ከሥር ጥቁር መስመር ከሌለ ሁላችንም ወደ አንድ ጎን እናዘነብላለን። የእርስዎን ጎን ለማወቅ ባዶ መስመር ላይ ዓይንዎን ጨፍነው 10 ቀዘፋ ይዋኙና የትኛውን ገመድ እንደሚነኩ ይዩ። ባሕር ላይ ከ6 እስከ 10 ቀዘፋ አንዴ ቀና ይበሉ፤ ግን አዞ ከውሃ እንደሚያሾልከው ዓይንዎ ብቻ ይውጣ። አይተው ሲጨርሱ ፊትዎን ወደ ጎን አዙረው ይተንፍሱ። ፊት ለፊት ለመተንፈስ አገጭዎን ካወጡ ዳሌና እግርዎ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዋና ሳይሆን ዳገት መውጣት ነው። የማዞሪያው ፊኛ (ዋናተኛው የሚዞርበት ተንሳፋፊ ምልክት) ከማዕበል ጀርባ ስለሚሰወር ከመነሻው በፊት ከኋላው በዚያው መስመር ያለ ረጅም ነገር ይምረጡ፦ ፎቅ፣ የኮረብታ ጫፍ፣ የስልክ ማማ። ቀና የሚሉትም ማዕበሉ ከፍ ሲያደርግዎት ነው።

ለልምምድ ላንጋኖ ጥሩ ነው። ውሃው ቡናማ ስለሆነ እጅዎ እንኳ አይታይዎትም፤ ለዚህ ትምህርት ደግሞ የሚፈለገው ይኸው ነው። ጣና ላይ የቢልሃርዚያ ነገር አለ። ጫሞን እንኳ አናነሳውም፤ እዚያ እውነተኛው አዞ አለ። የትም ቢሆን ጀልባ ወይም ካያክ አጠገብዎ ይኑር።

ቼሳፒክ ቤይን (እዚህ ሜሪላንድ ያለውን ባሕረ ሰላጤ) በዋና ለመሻገር ተመዝግቤያለሁ። ሁሉም ስለ ውሃው ፍሰት ያስፈራሩኛል። (ሜሪላንድ)

እውነታቸውን ነው። ርቀቱ 4.4 ማይል፣ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሳንዲ ፖይንት ተነስተው በሁለቱ የቤይ ብሪጅ ድልድዮች መሃል ወደ ኬንት ደሴት ይሻገራሉ። ከድልድዮቹ መሃል የወጣ ከውድድር ይወጣል። ውሃው ሲሞላና ሲጎድል የሚፈሰው ደግሞ ድልድዩን አቋርጦ፣ ማለትም እርስዎን በጎን እየገፋ ነው።

በቁጥር እንየው። 100 ሜትርን በ2 ደቂቃ የሚዋኝ ሰው ፍጥነቱ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ነው። ውሃው በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ብቻ በጎን ቢገፋው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ160 ሜትር በላይ ይወስደዋል። ቀጥ ብሎ ለመሻገር ፊቱን ወደ 20 ዲግሪ ያህል ፍሰቱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙሮ መዋኘት አለበት። ዓይን ግን በዚህ አይስማማም፤ ጠማማ የሄዱ ይመስልዎታል።

የፍሰቱን አቅጣጫ የሚነግርዎት የድልድዩ ምሰሶ ነው። ውሃው ምሰሶውን ሲመታ በመጣበት በኩል ያብጣል፣ በሌላው በኩል እየተሽከረከረ ጭራ ያወጣል። ሁለት ምሰሶዎችን በአንድ መስመር አድርገው ይመልከቱ፤ ቀስ በቀስ ከተለያዩ እየተወሰዱ ነው። ወዲያው ያርሙ። ድልድዩ ላይ ከደረሱ በኋላ ከፍሰቱ ጋር መታገል አጉል ድካም ነው።

መነሻው ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ሁለት ጊዜ አቋርጫለሁ። (ሁለት አንባቢዎች)

ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲነካን ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ይህ በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። ከመነሻው በፊት ከተፈቀደ ገብተው ፊትዎን ይንከሩ፣ ውሃ ውስጥ በረጅሙ ያስተንፍሱ። ሲነሱ ከኋላ ወይም ከጎን ይቁሙ፤ ሕዝቡ ከተነሳ በኋላ 15 ሰከንድ ይቆዩ። ከሚያድንዎት ረገጣ አንጻር 15 ሰከንድ ምንም አይደለም። ዌትሱት (ሙቀት የሚጠብቅ የላስቲክ የዋና ልብስ) ከለበሱ ደግሞ ጥፋቱ የእሱ ሊሆን ይችላል። ከብሽሽት ጀምረው በደንብ ካልሰበሰቡት ትከሻው ወደታች ይጎትትና ደረትዎን ያስጨንቃል። እግርዎን በስስ ፌስታል ሸፍነው ያስገቡት፣ ጨርቁንም በጣት ሆድ እንጂ በጥፍር አይሳቡት፤ ይቀደዳል።

ትንፋሹ እያረፉም ካልተመለሰ፣ ካሳለዎትና አረፋ ወይም ሮዝ መልክ ያለው አክታ ከወጣ ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም። ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። በጀርባዎ ተኝተው አንድ እጅ ወደ ላይ ያንሱ፤ ውድድሩ በዚህ አበቃ። ወጥተውም ሐኪም ይየዎት።

እዚህ ውሃው እንደ ሻይ ነው። ሙቀት የተሻለ አይደለም እንዴ? (ዱባይ)

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ፉጃይራ ላይ በተደረገ የ10 ኪሎ ሜትር የዓለም ዋንጫ ውድድር አሜሪካዊው ፍራን ክሪፐን በሞቀ ውሃ ውስጥ ሕይወቱ አልፏል። ዛሬ የዓለም የዋና ፌዴሬሽኑ ደንብ ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከ16 በታች አያወዳድርም፤ ከ20 ጀምሮ ደግሞ ዌትሱት ክልክል ነው። ልኬቱ የሚወሰደው ከመነሻው 2 ሰዓት በፊት፣ በ40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ነው። የአማተር ውድድሮች ደንብ ስለሚለያይ ያንብቡ።

በሞቀ ውሃ ላብዎን አያዩትም፤ ማላብዎን ግን አያቆሙም። ቀዘፋው ከተዛባ፣ ራስ ከከበደዎ፣ ወይም በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ ካለዎት ይውጡ። ስስ የላቴክስ ቆብ ከወፍራሙ ሲሊኮን ይሻላል።

ጄሊፊሽ ቢነድፈኝ ምን ላድርግ? (አሽዶድ፣ እስራኤል)

እናንተ መዱዛ የምትሉት፣ በስዊዝ ቦይ በኩል የገባው ዝርያ ብዙውን ጊዜ በሰኔና በሐምሌ በብዛት ይመጣል። በባሕሩ ውሃ ይታጠቡ። የቧንቧ ውሃ፣ በአሸዋ ማሸት፣ በፎጣ መፈተግ ያልፈነዱትን መርዛማ ክሮች ያፈነዳል። ኮምጣጤ ለአንዳንድ ዝርያ ቢረዳም ለዚህኛው አይመከርም። ፊት ወይም ዓይን ከተነካ፣ ትንፋሽም ከከበደ፣ በቀጥታ ወደ ሕክምና።

ውድድሩ የሰኔ ጾም ላይ ወደቀ። በባዶ ሆድ ልዋኝ? (ሜሪላንድ)

ስለ ጾሙ የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ። ስለ ሆድዎ ግን እኛ እንመልስ፦ እስከ 1 ሰዓት ላለ ዋና ብዙም አያስቸግር ይሆናል፤ ከ2 ሰዓት በላይ ለሚፈጀው ግን አንመክርም። ከመነሻው 2 ወይም 3 ሰዓት በፊት ዳቦ በማር ወይም ቀጭን በሶ ይበቃል፤ ሁለቱም የጾም ናቸው። ጥብስና ዘይት የበዛበት ነገር በማዕበል ላይ ተመልሶ ይመጣል። ውሃው ላይ በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር መጠጥ ይውሰዱ፤ ጠቅላላው በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይያዝ። በሶውን እዚያ አያምጡት፤ ጠርሙሱ ሥር ይዘቅጥና አፉን ይዘጋል።

ቆዳ እንዳይላጥ የሚቀባውን ቫዝሊን አንገት፣ ብብትና የዋና ልብሱ ጠርዝ ላይ ሲቀቡ ጓንት ያድርጉ። በተቀባ እጅ መነጽር ከነኩ እስከ መጨረሻው በጭጋግ ውስጥ ይዋኛሉ።