አራት ቦታ የታጠፈችው ወረቀት

ባለፈው ሰሞን አንዲት ተማሪ «ዶክተር፣ በዚህች ገንዘብ ምን በልቼ ነው ጤነኛ የምሆነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከመመለሴ በፊት ሌላ ልጅ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ከተመረቅኩ ዓመት አልሞላኝም። አንዲት ልጅ እግር የጽዳት ሠራተኛ ድካም ድካም ይለኛል ብላ መጣች። የታችኛውን የዐይኗን ሽፋን ዝቅ ሳደርገው ገርጥቷል። ምርመራውም የብረት እጥረት ያመጣው ደም ማነስ ሆነ። እንክብል አዘዝኩላት። በወረቀት ላይ ደግሞ ሥጋ፣ ጉበት፣ ዓሣ ብዬ ጻፍኩላት። ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ ሳንቲም መያዣዋ ውስጥ ከተተቻት። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለችና «ሻይስ ይከለከላል?» አለችኝ። «ኧረ ሻይ ምን አለበት፣ ጠጪ» አልኳት። ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበረ፤ ቸኩያለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ስትመለስ ያው ናት። ወረቀቷን አወጣች፤ እጥፋቱ ላይ ልትቀደድ ደርሳለች። «ደሞዝ ሲጨመርልኝ እገዛዋለሁ ብዬ ነው» አለችኝ። ምን እንደምትበላ የጠየቅኳት ገና ያን ቀን ነው። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ምስር፣ ከላዩ ሻይ። እንክብሉንም የምትውጠው በሻይ ነው።

ምስሩ ውስጥ ብረት ነበረ። ሻዩ ግን ሰውነቷ ብረቱን እንዳይወስድ ያግደዋል። ሻዩን ከምግቡም ከእንክብሉም አንድ ሁለት ሰዓት አርቂው፣ ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቂበት ብላት ኖሮ ይበቃት ነበር። ሎሚው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ ያግዛል። በኋላ ተሻላት። ግን ያን ሦስት ወር ደረጃ ስታጸዳ በየመሃሉ እየቆመች ትንፋሿን ትሰበስብ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

አትክልት ብሉ እያልኩ አላደክማችሁም። ደረቅ ምስርና ባቄላ ግን ቤታችሁ አይጥፋ። 1 ኪሎ ደረቅ ምስር ሲበስል ከ2 ኪሎ በላይ ይወጣዋል። 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ። የዛሬ ልጆች ገንዘብ የለንም ትላላችሁ፣ ለለስላሳ መጠጥ ግን አይጠፋም። ይሄ ያናድደኛል። መልሼ ሳስበው ደግሞ፣ አምሽቶ ደክሞት የገባ ሰው ባቄላ ዘፍዝፍ ቢሉት እንዴት ይሆንለታል? እንግዲያው ምስር ይሻላል፤ መዘፍዘፍ አይፈልግም፣ ቶሎ ይበስላል።

ለተማሪዋ ወረቀት አላወጣሁም። «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ የበላሽውን ንገሪኝ» አልኳት። በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ፤ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።