«አይቻለሁ» ብለው ያቆሙት ጠብታ

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ከ11 ቀን በፊት የቀኝ ዓይኗን ሞራ ተገፈፈች። ፋሻው ሲነሳ ጥርት አድርጋ አየች። በሳምንቷ «አሁንማ አይቻለሁ» ብላ ጠብታውን ተወችው። ጎረቤታችንም «ስቴሮይድ ነው፣ ዓይን ያጠፋል» ብላታለች። ከትናንት ጀምሮ ዓይኗ ቀልቷል፣ ብርሃን ይወጋታል። ከፋርማሲ ሌላ ጠብታ ልግዛላት? (ከጅማ)

መልስ፦ አይግዙ። ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምናውን ወዳደረጉበት የዓይን ክፍል ይውሰዷቸው።

የጠየቁኝ ስለ ጠብታ ነው። የፈሩት ግን እናትዎ ያገኙትን ብርሃን መልሰው እንዳያጡ ነው። አይዞዎት። እንዲህ ያለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ስለተቆጣ ነው። ማየት ሌላ፣ መዳን ሌላ። ዓይኑ ውስጡ ገና ቁስል ነው፤ ጠብታው ያንን ቁጣ ያበርዳል። በድንገት ሲቆም ያገረሻል፣ በጊዜ ከታከመ ደግሞ ይበርዳል። ሞራው ተመልሶ አይበቅልም።

ጎረቤትዎ ጨርሰው አልተሳሳቱም። ስቴሮይድ ያለ ክትትል ለወራት ሲጨመር የዓይን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ዓይኑን ባሳከከው ቁጥር እየገዛ የሚጨምር ሰው ይጎዳል። ሐኪም ለ4 ወይም ለ6 ሳምንት አዝዞ፣ እየቀነሰ የሚያስቆመው ግን ሌላ ነው።

አሁን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። የግራ ዓይናቸውን ከድነው ጣትዎን ያስቆጥሯቸው። እይታቸው ካለፈው ሳምንት ደብዝዟል? ሕመሙ እየባሰ ነው? ቆቡ አብጧል፣ መግል አለው? አንዱ እንኳ ካለ «ዝናቡ ያባራ»፣ «ነገ ገበያ ነው»፣ «ጁምዓ ይለፍ» የሚባል ነገር የለም። ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተው ይውጡ። ዓይን ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ቀን አይሰጥም፤ ጠዋት የሚተርፍ ዓይን ማታ ላይተርፍ ይችላል። ሰው ግን ቲቲሲ ቅባት እየቀባ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። የቡና እንፋሎት የሚያስሞቅም አለ! በጅማ ቡና ማንም አይምጣብኝ፣ እኔም ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልነሳም። ትኩስ ስኒ ግን አዲስ የተሠራ ዓይን አጠገብ አይደርስም። ሳይድን ሲቀር ወደ እኛ ይመጣሉ፤ ያኔ ምን ላድርግ?

ሐኪሙ ጠብታውን እንደገና ካስጀመራቸው፣ እንደ ወተት የነጣው ዓይነት ከሆነ በደንብ ይወዝውዙት፤ መድኃኒቱ ከሥር ይዘቅጣል። እጅ ታጥቦ፣ የታችኛው ቆብ ሳብ ተደርጎ አንድ ጠብታ ይበቃል። የጠርሙሱ ጫፍ ዓይን አይንካ። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካላቸው በመካከሉ 5 ደቂቃ ይቆዩ። ለውዱእ ፊታቸውን ሲታጠቡ ውሃ ዓይናቸው ውስጥ እንዳይገባ፤ ለሱጁድ መቼ እንደሚጎነበሱም ሐኪሙን ይጠይቁ።

ሲሄዱ ጠርሙሶቹን ሁሉ ይያዙ። ጠብታውን ያቆሙበትንም ቀን ሳይደብቁ ይንገሩ።