የሥጋ ዶሮ መኖ፦ የላካችኋቸው ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ስለ ብሮይለር መኖ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ ጽፋችኋል። ከግማሽ በላዩ «ምን ልጨምርበት?» የሚል ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ዋናውን መኖ ነው። እሱ ካልተስተካከለ ለቫይታሚንና ለሚጨመር ዱቄት ሁሉ የሚወጣው ብር ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ብሮይለሮቼ 40 ቀን ሞላቸው፣ ገና ኪሎ ተኩል ናቸው። በቆሎ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው የማበላው። የትኛውን ቫይታሚን ልግዛ?

ወንድሜ፣ ቫይታሚኑን ለጊዜው ተወው። ችግሩ ከዘረዘርካቸው ሦስት ነገሮች ላይ ነው። ፉርሽካ ሆድ ይሞላል እንጂ ኃይሉ ትንሽ ነው። የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲን አለው፣ ግን ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ገለባውም ይበዛል። ኮብ ወይም ሮስ የሚባለው የሥጋ ዶሮ ዝርያ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት 22 በመቶ አካባቢ ፕሮቲንና በኪሎ ወደ 3,000 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ኃይል ይፈልጋል። ወደ መሸጫው ሲቃረብ ፕሮቲኑ ወደ 18 እና 19 በመቶ ይወርዳል፣ ኃይሉ ከፍ ይላል። ስታርተር (የመጀመሪያ)፣ ግሮወር (የማሳደጊያ) እና ፊኒሸር (የመጨረሻ) የሚባሉት መኖዎች የሚለያዩትም ለዚህ ነው።

ፉርሽካውን ከስታርተሩ አውጣው። ከኑጉ አብዛኛውን በአኩሪ አተር ተካው። ሜቲዮኒን (ሌላው የፕሮቲን ክፍል) እና ላይሲን ጨምርበት፤ በቆሎና አኩሪ አተር ላይ በተመሠረተ መኖ መጀመሪያ የሚጎድለው ሜቲዮኒን ነው። ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል)፣ ጨውና የካልሲየም ምንጭ ከዚያ ይከተላሉ። ይህን አስተካክለህ ክብደቱ ካልመጣ ያኔ ስለ ሌላው እናወራለን።

ጥያቄ፦ አኩሪ አተሩን ጥሬውን ፈጭቼ ብሰጥስ?

በፍጹም። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ፕሮቲን ሆድ ውስጥ እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለ። ጫጩቷ ትበላለች፣ ግን አታድግም፤ ቆሽቷም ያብጣል። በደንብ ቁላው፣ ወይም ዘይቱ ወጥቶ በሙቀት ያለፈውን ግዛ። እስኪጠቁር ማሳረርም ላይሲኑን ያበላሻል።

ጥያቄ፦ እናቴ «በሆርሞን ያደገ ዶሮ አልበላም» ትላለች። እውነት ሆርሞን ይሰጣቸዋል?

አይሰጣቸውም። ለእናትሽ ይህን ንገሪያቸው። በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ1957 ዝርያና የ2005 ዝርያ ዶሮዎችን አንድ ዓይነት መኖ እያበሉ ጎን ለጎን አሳደጉ። በ56 ቀን የድሮው 900 ግራም ገደማ ሲመዝን አዲሱ 4.2 ኪሎ ደረሰ። መኖው አንድ ከሆነ ልዩነቱን ያመጣው ዝርያው ነው፤ ለዓመታት ፈጣኑን እየመረጡ በማራባት የተገኘ። የእድገት ሆርሞን ደግሞ ፕሮቲን ነው፣ በመኖ ቢሰጥ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ይፈጫል።

ጥያቄ፦ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ በየቀኑ ውሃቸው ላይ አደርጋለሁ። ያሳድጋል ተብዬ ነው።

እባክህ አቁም። አንቲባዮቲክ በትንሽ መጠን እድገትን እንደሚገፋ የታወቀው በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ነው፣ ዓለምም ለአሥርተ ዓመታት ተጠቅሞበታል። ዋጋው መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት ለማሳደጊያ እንዳይውል ከጥር 2006 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከልክሏል። አሜሪካም ለሰው ሕክምና የሚያስፈልጉትን በ2017 ከዚህ ጥቅም አስወጥታለች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ነገ ልጅህ ሲታመም የሚያስፈልገውን መድኃኒት ዛሬ ለክብደት ማባከን የለብንም።

ዶሮ ከታመመ ሐኪም ይዘዝ፤ ከእርድ በፊት መድኃኒቱ የሚቋረጥበትን ቀንም ጠብቅ። ለእድገቱ ግን ደረቅ ጉዝጓዝና ንጹሕ ውሃ ይቅደሙ። ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያ) እና ኦርጋኒክ አሲድ ሊያግዙ ይችላሉ፤ ውጤታቸው ግን ከቤት ቤት ይለያያል። እኔ ገንዘቤን መጀመሪያ የማወጣው ፋይቴዝ ለሚባለው ኢንዛይም ነው። በእህሉ ውስጥ ታስሮ የሚቀረውን ፎስፈረስ ይፈታል።

ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርትስ?

አይጎዳም። የጎደለ ፕሮቲን ግን አይተካም።

ጥያቄ፦ የኮክሲዲያ (የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ) መከላከያ መድኃኒት ያለበት የዶሮ መኖ ተርፎኛል። ለጋሪ ፈረሴ ልስጠው?

አይስጡ፣ አባቴ! ከእነዚህ መከላከያዎች ሞኔንሲን ወይም ሳሊኖማይሲን ካለበት ፈረሱን ይገድለዋል። ጆንያውንም ከማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የማረባው። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ትልልቆቹ ሆዳቸው ውሃ እየቋጠረ ይሞታሉ። መኖው ተመርዞ ይሆን?

መርዝ ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ኦክስጅን ያንሳል። ፈጣን ዶሮ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ልቡ ደም ወደ ሳንባ ለመግፋት ሲታገል የቀኝ ጎኑ ይደክማል፣ ፈሳሽ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ቀድሞ የሚሞተውም ብዙውን ጊዜ በደንብ ያደገው ነው፤ ያ ነው የሚያንገበግበው።

እዚህ ላይ ትንሽ ማዘግየት ያዋጣል። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምረሽ ለተወሰኑ ቀናት መኖውን በልክ ስጪ፣ ወይም በእንክብል መኖ ፋንታ ዱቄቱን አብዪ። ጨው አታብዢ። ብርድም ኦክስጅን ያስፈጃል፣ ስለዚህ ቤቱ ይሙቅ፤ ግን ሙቀት ለማቆየት ብለሽ መስኮቱን ሁሉ አትድፈኚ። ከኩሳቸው የሚወጣው አሞኒያ ዓይንሽን ካቃጠለ እነሱ እየታፈኑ ነው።

ጥያቄ፦ የሻገተ በቆሎ ፀሐይ ላይ ባደርቀው ይሆናል?

ሻጋታው ይደርቃል፣ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ግን ይቀራል። መቁላትም አያጠፋውም። ጉበታቸውን ይጎዳል፣ እድገታቸውን ይይዛል። አትጠቀምበት።

ጥያቄ፦ ጾም ስለሆነ ገበያ ቀዝቅዟል። እስከ ፋሲካ እያበላሁ ላቆያቸው?

ከስድስት ሳምንት በኋላ የምታበላው መኖ ድርሻው እየጨመረ የሚሄደው ለስብና ትልቁን ገላ ለማኖር ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ጭማሪ ብዙ መኖ ይወጣል፣ ከወጪህ ደግሞ ትልቁ መኖ ነው። ማቀዝቀዣ ካገኘህ አርደህ አስቀምጥ። ለሚመጣው ዓመት ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠር፦ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ስለዚህ ጫጩቶቹን ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አስገባ።