ደረታቸው ውስጥ ዲፊብሪሌተር አለ፤ ኤምአርአይ ይነሱ?

ጥያቄ፦ አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። ልባቸው ሲረበሽ በኮረንቲ የሚመልስ ዲፊብሪሌተር ከሁለት ዓመት በፊት ደረታቸው ላይ ተተክሎላቸዋል። አሁን የወገባቸው ሕመም ወደ እግራቸው ወርዶ ሐኪሙ ኤምአርአይ (በማግኔት የውስጥ አካልን የሚያነሳ ምርመራ) አዘዙላቸው። ጎረቤት ግን «ማግኔቱ መሣሪያውን ነቅሎ ያወጣዋል» አለን። እውነት ነው?
ከደብረ ሲና

መልስ፦ ነቅሎስ አያወጣውም። የዘመኑ መሣሪያዎች ማግኔት የሚስበው ብረት እምብዛም የላቸውም። የሚያሳስበው ወደ ልብ የሚገባው ሽቦ ነው፤ የኤምአርአዩን የሬዲዮ ሞገድ እንደ አንቴና ይቀበልና ጫፉ ይግላል። መሣሪያውም ሞገዱን የተረበሸ የልብ ምት መስሎት ያለቦታው ኮረንቲ ሊለቅ ይችላል።

መጀመሪያ መሣሪያው ሲተከል የተሰጣቸውን ካርድ ይፈልጉ። የሳጥኑም (ባትሪው ያለበት፣ ደረት ላይ የተቀበረው ክፍል) የሽቦዎቹም ሞዴል መታወቅ አለበት። ሳጥኑ ብቻ ለኤምአርአይ የተፈቀደ ሆኖ ሽቦው ካልሆነ ፈቃዱ አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከቀድሞ የቀረ ሥራ የፈታ ሽቦ ካለም እንዲሁ። ይህን የደረት ራጅ ያሳያል፤ አዲስ አበባ ሳይወርዱ ደብረ ብርሃን ላይ ማስነሳት ይቻላል። ፈቃዱ ለ1.5 ቴስላ (የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው ወይስ ለ3ም የሚለውንም ያስጠይቁ።

ካልተፈቀደላቸውም በሩ አልተዘጋም። በ2017 የታተመው የአሜሪካው «ማግናሴፍ» ጥናት ያልተፈቀዱ መሣሪያዎች ያሏቸውን ሰዎች በ1.5 ቴስላ ከደረት ውጭ ያለውን አካላቸውን አንስቶ ነበር፤ ከምርመራዎቹ 500ው ዲፊብሪሌተር ባላቸው ላይ የተደረጉ ናቸው፤ በምርመራው ጊዜ የሞተ አልነበረም። የተበላሸው አንድ ዲፊብሪሌተር ነው፤ እሱም አስቀድሞ በደንቡ መሠረት አልተስተካከለም ነበር።

በዕለቱ ባለሙያው መሣሪያውን በሠራው ኩባንያ ፕሮግራመር (መሣሪያውን ከውጭ የሚያነብና የሚያስተካክል ኮምፒውተር፤ የአንዱ ኩባንያ የሌላውን አያነብም) ባትሪውንና ሽቦዎቹን ይለካል፣ ኮረንቲ መልቀቁን ያጠፋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አባትዎ ያለ ጠባቂ ናቸው። ስለዚህ ሌላ ከተማ አስጠፍቶ መንገድ መውጣት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ማጥፋቱም ማንሳቱም ማብራቱም እዚያው ይሁን። ሲነሱ የልብ ምት መከታተያው ኢሲጂና የኦክስጅን መለኪያ አይለያቸው፤ የውጭ ዲፊብሪሌተርም ከክፍሉ በር ውጭ ይቁም፤ ወደ ውስጥ ከገባ ማግኔቱ ይጎትተዋል። ሲጨርሱ «በርቷል» የሚለውን ወረቀት ሳያዩ እንዳይወጡ።

የአንገት መስቀል፣ በብረት የተለበጠ ክታብ፣ ሳባ የገባበት ጥለት ሁሉ ይውለቅ፤ ሳባው ብረትነት ካለው ቆዳ ያቃጥላል።

ሲቲ ስካን ይበቃ እንደሆነም ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ለዲስክ መንሸራተት ብዙ ጊዜ ይረዳል። ሽንት ከከለከላቸው፣ ካመለጣቸው ወይም በጭናቸው መካከል ከደነዘዛቸው ግን ካርድ ፍለጋው ይቆይ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግቡ።