ቀዩን ኪኒን ትቼ ከአሜሪካ የመጣውን ስወስድ የሆንኩት (ለ3 ወር ነፍሰ ጡሯ እህታችን)

«የ3 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ጤና ጣቢያ የሰጡኝ ቀይ ኪኒን እያቅለሸለሸኝ ነው፣ እህቴ ከአሜሪካ የእርጉዝ ቫይታሚን እየላከችልኝ ስለሆነ ይሄኛውን ልተወው ወይ» ላልሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነበው የራሴን ታሪክ የጻፍሽብኝ ነው የመሰለኝ። አትተዪው የኔ እናት። የሚመጣውን ጠርሙስ ጀርባ ሳታነቢ እንዳትተዪው።

1. አይረን (ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን) መኖሩን እዪ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። እህቴ ዲሲ ነው ያለችው፣ የህክምና ሰው አይደለችም ግን አሜሪካ ስላለች ብቻ ቤተሰቡ በሙሉ ሀኪም አድርጓታል፣ በሰው እጅ የላከችልኝ ያ እንደ ከረሜላ የሚታኘከውን፣ ጋሚ የሚሉትን ነው። አያቅለሸልሽ፣ እንጆሪ እንጆሪ ይላል፣ መንገድ ላይ ሙቀት አግኝቶት እርስ በርሱ ተጣብቆ በማንኪያ እጀታ ነበር የማላቅቀው። እኔም የጤና ጣቢያውን ኪኒን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ 3 ወር ሙሉ በቀን ሁለት ሁለት ፍሬ እየበላሁ ደህና ነፍሰ ጡር ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ክትትል ስጀምር ሄሞግሎቢኔ (የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) 12.3 ነበር። 7ኛ ወሬ ላይ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ዓይኔ ጨለመብኝ፣ ከኋላዬ የነበረች ሴትዮ ናት ደግፋ ድንጋይ ላይ ያስቀመጠችኝ፣ እግዜር ይስጣት። በነጋታው ስለካ 9.2። ለእርጉዝ ከ11 ሲወርድ ደም ማነስ ነው።

ከዛ ያለውን ጉድ ልንገርሽ። ላብራቶሪ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እየሰማ «አንቺ፣ ደም የለሽም እኮ!» ብላ ጮኸችብኝ። ክትትል ክፍል ስገባ ደግሞ ሲስተሯ ካርዴን እንኳ ሳትገልጥ «ኪኒኑን ጥለሽዋል አይደል? ከውጭ የሚላክላችሁ ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ» አለችኝ። እዛው አለቀስኩ። ዛሬም ሳስበው ያበግነኛል፣ ልክ መሆኗ ደግሞ ይብስ ያበግነኛል። ግን እሷስ ብትሆን የመጀመሪያ ቀን ስትሰጠኝ «በቀን አንድ» ብላ ቀጣይ ጠራች እንጂ ከምን ጋር ይወሰዳል፣ ከምን ጋር አይወሰድም፣ ቢያቅለሸልሽሽ እንዲህ አድርጊ የሚል አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም።

የገላገለኝ ሰፈር ያለ ፋርማሲ የሚሠራ ልጅ ነው። ጠርሙሱን ወሰድኩለት፣ ገልብጦ በእስክሪብቶው ጫፍ እየተከተለ አነበበልኝ፣ ቫይታሚን ሲ አለ፣ ዲ አለ፣ ፎሊክ አሲድ አለ፣ አዮዲን አለ፣ ስኳርም አለ። አይረን የሚል ግን የለም። «አብዛኛው ጋሚ አይረን የለውም፣ አንደኛ ጣዕሙን ያበላሽባቸዋል፣ ሁለተኛ ደግሞ፣ ትንሽ ልጅ ከረሜላ መስሎት አይረን ያለበትን ከበላ ይመረዛል» አለኝ። ያ በነፃ የሚሰጠው፣ እኔ የናቅኩት ኪኒን ግን አንዱ ፍሬ 60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ አለው። ከውቅያኖስ ማዶ ያስመጣሁት ጋሚ ውስጥ የሌለው አይረን መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቶ ነበር እኮ። (ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለሽ ኪኒኑን ቁም ሳጥን አናት ላይ አድርጊው፣ ቀልድ አይደለም፣ ትንሽ ልጅ አይረን በብዛት ከዋጠ ሊገድለው ይችላል።)

2. ቡና። ሀኪሙ ደሜን አይቶ ቀዩን ኪኒን በቀን ሁለት ፍሬ አደረገልኝ (እሱ ለክቶ ነው፣ አንቺ ራስሽ እንዳታደርጊው)፣ እኔ ታዲያ ጎበዝ ሆኜ ጠዋት ቁርስ እንደበላሁ እውጣለሁ፣ እናቴ ደግሞ እዛው ቡና ታፈላለች፣ አቦሉን ቶናውን በረካውን ጭልጥ። ቡናም ሻይም አይረኑን ሰውነትሽ እንዳይወስደው ይይዘዋል፣ ይሄንንም የነገረኝ ያው የፋርማሲው ልጅ ነው። ከዛ በኋላ ማታ ልተኛ ስል በብርቱካን ወይም ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ መዋጥ ጀመርኩ፣ ማቅለሽለሹም እንቅልፍ ላይ ስለሚያልፍ አልታወቀኝም። ላንቺም መጀመሪያ ሰዓቱን ቀይሪው፣ ባዶ ሆድ ካስቸገረሽ ትንሽ ነገር ቀምሰሽ፣ በወተት ግን አይሆንም፣ ካልሲየም የታዘዘልሽ ከሆነም ሰዓቱን ለያዪው። ሰገራሽ ጥቁር ከሆነ አትደንግጪ፣ የኪኒኑ ነው፣ እኔ ደነገጥኩ። ድርቀቱን ተልባ አሻለኝ።

3. አትደራርቢ። 9.2 ሲባል ደንግጬ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ፣ አራት ዓይነት ነገር ጽፈው እዛው ሕንፃ ውስጥ ያለው ፋርማሲ ግዢ አሉኝ፣ 3,400 ብር፣ «ይሄ ለአእምሮው፣ ይሄ ለአጥንቱ»። ቤት ወስጄ ሳየው ሁለቱ በስም ይለያዩ እንጂ ውስጣቸው አንድ ዓይነት መልቲቫይታሚን ነው! አክስቴ ደግሞ ከዱባይ የዓሣ ጉበት ዘይት ይዛልኝ መጥታለች። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በዪ፣ የጉበቱ ዘይት ቫይታሚን ኤ አለው፣ ሬቲኖል የሚባለው፣ መልቲቫይታሚኑም አለው፣ በቀን ከ10,000 ዩኒት ካለፈ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ከአትክልት የሚገኘው የቫይታሚን ኤ ዓይነት፣ ቤታ ካሮቲን የሚለው፣ እንዲያ አይደለም። ተራው የዓሣ ዘይትና የጉበቱ አንድ አይደሉም፣ ጠርሙሱ ላይ ዓሣ ስላለ ብቻ አትመኚው። የኔ እስካሁን ሳይከፈት አለ።

የዝርዝሬ ቁጥር ስንት እንደደረሰ ረሳሁት። አማቴ «ቀይ ስር ብዪ፣ ቀይ ስለሆነ ደም ይሆናል» ትለኝ ነበር፣ ለፍቅሯ ስል በላሁላት፣ ደሜ ግን በቀይ ስር አልተነሳም። ጎረቤትም «ጤፍ እየበላሽ ምን ኪኒን ያስፈልግሻል» ይላል፣ ጤፍ አይረን አለው እውነት ነው ግን ለሁለት ነፍስ አይበቃም። ሁዳዴ ላይ ስለነበርኩ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው፣ ቆጣ ብለው «ብዪ ልጄ» አሉኝ፣ በላሁ።

ልወልድ ስል 11.4 ደርሼ ነበር፣ ልጁም 3.1 ኪሎ ተወለደ፣ ያቺ ሲስተር ቁጥሩን አይታ «ጎበዝ» አለችኝ፣ ከእሷ አፍ! ለሁለተኛው ግን ገና ሳላረግዝ ነው ፎሊክ አሲድ የምጀምረው፣ የልጁ አከርካሪና አእምሮ መነሻ የሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው አሉ፣ ያኔማ አብዛኞቻችን ማርገዛችንን መች እናውቃለን።

ዕቃው ሲደርስሽ ከፊቱ ሳይሆን ከጀርባው ፎቶ አንሺና እዚሁ ጣዪው፣ አይረን የሚለውን አብረን እንፈልገዋለን። እስከዛ ግን ቀዩን ዛሬ ማታ በሎሚ ውሃ ሞክሪው።